«ዘፈን» ለሁሉም አይሆንም፡ የሙዚቃ ቃላትና አገላለጾች በመንግሥት ጽሕፈት ቤቶች

ከነቀምቴ ከተማ በስተምዕራብ፣ ወደ ጊምቢ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ የሚገኘው የዲጋ ወረዳ በምሥራቅ ወለጋ ዞን ሥር ከሚተዳደሩት ወረዳዎች አንዱ ነው። በወረዳው፣ እንደ ሌሎቹ የኦሮሚያ ክልል ወረዳዎች ሁሉ፣ ደብዳቤው፣ ቃለ ጉባኤውና የሩብ ዓመት ሪፖርቱ የሚዘጋጀው በአፋን ኦሮሞ ሲሆን፣ ጉዳዩ ወደ ፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ሲሻገር ሰነዱ ብዙውን ጊዜ ወደ አማርኛ ይመለሳል። ሙዚቃን በሚመለከቱ ሰነዶች ላይ ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በአፋን ኦሮሞ የየራሳቸው ስም፣ ጊዜና ባለቤት ያላቸው የዜማ ዓይነቶች በአማርኛው ቅጽ ላይ «ዘፈን» ወይም «ባህላዊ ጭፈራ» በሚል አንድ ዓምድ ሊጠቃለሉ ይችላሉ።

ጉዳዩ የአጻጻፍ ውበት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በቅጽ ላይ የሰፈረ አንድ ቃል በቅርስነት የሚመዘገበው ምን እንደሆነ፣ ለመድረክ ሥራ ክፍያ የሚገባው ማን እንደሆነ፣ በበዓል መርሐ ግብር ላይ የተጋበዘ የሃይማኖት ተቋም ይከበር ወይም ይቀየም እንደሆነ የሚወስንበት ጊዜ አለ። ከዚህ በታች የቀረበው ማብራሪያ በሥራ ላይ ተደጋግመው የሚያጋጥሙትን ቃላት፣ በተለይም ለወለጋ አካባቢ ጽሕፈት ቤቶች የሚጠቅሙትን፣ ይመለከታል።

ዜማ፣ ዘፈን፣ መዝሙር

በአማርኛ ሰፊው ቃል «ዜማ» ነው። ዜማ የድምፅ አወራረድን ብቻ የሚያመለክት በመሆኑ ለመንፈሳዊውም ለዓለማዊውም ያገለግላል። በቅዱስ ያሬድ ስም የሚጠራው የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ዜማ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ በሚባሉ ሦስት ስልቶች የተከፈለ ሲሆን፣ የአወራረድ ምልክቶቹም ይዘት፣ ደረት፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ርክርክ፣ ሂደት፣ ቅናትና ቁርጥ በመባል ይታወቃሉ። ድርስና አንብር ሲታከሉባቸው አሥር ይሆናሉ። በዚህ ሥርዓት የሚያዜመውን ሊቅ ወይም ደብተራ «ዘፋኝ» ብሎ መጻፍ ፈጽሞ ተገቢ አይደለም።

«ዘፈን» የሚለው ቃል በአሁኑ አነጋገር ለዓለማዊ ዜማ የተወሰነ ነው። «መዝሙር» ደግሞ ለመንፈሳዊው ቢሆንም ለእርሱ ብቻ አይደለም። ብሔራዊ መዝሙርና የትምህርት ቤት መዝሙር የሚባሉት የክብር ዜማዎች በመሆናቸው ነው። ወለጋን በተመለከተ ይህ ልዩነት ጠንከር ያለ ትኩረት ይሻል። በአካባቢው የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ሥር ያላቸው ሲሆን፣ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አፋን ኦሮሞ ተርጉመው በ1899 እ.ኤ.አ. ለኅትመት ያበቁት ኦኔሲሞስ ነሲብም ከዚያ ቀደም ብለው የመዝሙር መጽሐፍ በቋንቋው አዘጋጅተው ነበር። በአፋን ኦሮሞ የቤተ ክርስቲያን መዝሙር «ፋርፈና» ይባላል። በነቀምቴ ወይም በጊምቢ በሚካሄድ የመንግሥት በዓል ላይ የመዘምራን ኅብረት ሲጋበዝ በመርሐ ግብሩ ላይ «የዘፈን ቡድን» ተብሎ ቢሰፍር፣ ጸሐፊው ምንም ክፉ ሐሳብ ሳይኖረው ኅብረቱን ማስቀየሙ አይቀርም። የሙስሊሙ ኅብረተሰብ መንዙማም በተመሳሳይ መንገድ በራሱ ስም ሊጠራ ይገባል። መንዙማ በዜማ የሚቀርብ የምስጋናና የውዳሴ ግጥም እንጂ ዘፈን አይደለም።

«ሙዚቃ» የሚለው ቃል ከሁሉም ዘግይቶ የገባ ነው። ከዐድዋ ድል በኋላ ለዳግማዊ ምኒልክ ከሩሲያ የነሐስ መሣሪያዎች ሲመጡ፣ በኋላም በ1924 እ.ኤ.አ. ራስ ተፈሪ መኮንን ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው 40 ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የማርሽ ባንድ ሲሆኑ፣ «ሙዚቃ» እና «ሙዚቀኛ» በቅድሚያ የሚያመለክቱት ይህንኑ በመለከት የሚታጀብ ሰልፍ ነበር። ዛሬ ቃሉ ሁሉንም ያቀፈ ቢሆንም አንዳንድ ጊዜ ይጠባል። ለምሳሌ በንግድ ፈቃድ ላይ «ሙዚቃ ቤት» ሲባል ካሴትና ሲዲ የሚያሳትም ወይም የሚሸጥ ድርጅት ማለት እንጂ ሙዚቃ የሚቀርብበት አዳራሽ ማለት አይደለም።

የወለጋ ስሞች

ወደ ዲጋና አካባቢው ስንመለስ፣ በአማርኛ «ዘፈን» ለሚባለው የሚቀርበው የአፋን ኦሮሞ ቃል «ሲርባ» ነው። ሲርባ በሠርግ፣ በበዓልና በወጣቶች ጨዋታ ላይ በጭብጨባና በእንቅስቃሴ የሚቀርብ ሲሆን፣ ግሱም መዝፈንንና መጨፈርን በአንድነት ይይዛል። ስለዚህ «ሲርባ» በሚለው ስም የገባን ቡድን በአማርኛ «ዘፈን» እና «ውዝዋዜ» ብሎ ለሁለት ከፍሎ ሁለት ጊዜ መቁጠር በውድድር ውጤት ላይ ስሕተት ያመጣል። «ዌዱ» ከሲርባ ለስለስ ያለ፣ ፍቅርን፣ ናፍቆትንና ሥራን የሚያነሣ ዜማ ነው። «ፋሩ» ውዳሴ ነው። ለከብት የሚቀርበው ውዳሴ ፋሩ ሎኒ ሲባል፣ ለሰንደቅ ዓላማ የሚዜመውም ፋሩ ይባላል። ስለሆነም ፋሩን በአማርኛ እንደ አገባቡ «ውዳሴ» ወይም «መዝሙር» ማለት ይቀላል፤ «ዘፈን» ግን አይሆንም።

ከሁሉም በላይ የሚበደለው «ጌረርሳ» ነው። በብዙ የአማርኛ ጽሑፎች «ፉከራ» ወይም «ቀረርቶ» ተብሎ ይተረጎማል። መመሳሰሉ ሐሰት አይደለም፤ ጌረርሳ ከአደንና ከጦር ሜዳ ጀግንነት ጋር የተያያዘ፣ በአብዛኛው አንድ ወንድ ብቻውን ከፍ ባለ ድምፅ የሚያዜመው፣ ታዳሚውም በድምፅ የሚያበረታታው ነው። ይሁን እንጂ በጌረርሳ ሰው የሚናገረው ድሉን ብቻ አይደለም። ድህነቱን፣ እስራቱን፣ የተነጠቀውን መሬት፣ የከዳውን ወዳጅ፣ የዘመዶቹን ውለታ ያነሣበታል። በአጭሩ የሕይወት ታሪክ ነው፤ አልፎ አልፎም በባለሥልጣን ላይ የሚቀርብ አቤቱታ ነው። አዲሱ ቶለሳ በ1999 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ጌረርሳን የኦሮሞ ብሔራዊ ሥነ ጽሑፍ አድርገው ማየታቸው ከዚህ ስፋቱ የተነሣ ነው። «ፉከራ» በሚለው አንድ ቃል ሲተረጎም ግማሽ አካሉ ይቀራል። ጌረርሳ ጌረርሳ ተብሎ ቢጻፍና ምንነቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ቢብራራ ይመረጣል።

ለፉከራ ይበልጥ የሚቀርበው «ዻደኖ» ነው። የሚገርመው ሁለቱ ቋንቋዎች እዚህ ላይ በአንድ መንገድ መሄዳቸው ነው። አማርኛ ከፉከራ ሥር «መፈክር» የሚለውን የስብሰባና የሰልፍ ቃል ሲያወጣ፣ አፋን ኦሮሞም ዻደኖ የሚለውን ለጀግናው ፉከራም በአዳራሽ ግድግዳ ላይ ለሚሰቀለው መፈክርም ይጠቀምበታል። ተርጓሚው ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ከአገባቡ መለየት ይኖርበታል።

በሠርግ ላይ የሙሽራውና የሙሽሪት ወገኖች በዜማ የሚሰዳደቡበት «አረብሶ» ስሙ ከስድብ የመጣ ቢሆንም ጠብ አይደለም፤ ሥርዓት ያለው ጨዋታ ነው። የሴቶች ሥርዓት በሆነው አቴቴ ላይ የሚሰማውን ዜማ «የሴቶች ዘፈን» ማለትም ልመናውንና ምርቃቱን ያስቀራል። በኢሬቻ ላይ የሚዜመውም ምስጋና በመሆኑ ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። በሌላ በኩል ከሐረርጌ የሆነውን ሸጎዬ የወለጋ አድርጎ ማቅረብ ከቴሌቪዥን የተቀዳ ስሕተት ይመስላል።

የፊደል ለውጥም የራሱ ወጥመድ አለው። አፋን ኦሮሞ በቁቤ ሲጻፍ የሚረዝመው አናባቢና የሚጠብቀው ተነባቢ በግልጽ ይታያል፤ በግዕዝ ፊደል ግን ይህ ይጠፋል። ገበሬዎች ተሰባስበው የሚሠሩበት ሥራ በቁቤ የሚጻፍበት ቃል በፊደል በፊደሉ ወደ ግዕዝ ሲገለበጥ «ዳቦ» ይሆናል። «የዳቦ ዜማ» የሚል ርዕስ ያየ የፌዴራል ሠራተኛ ስለ ዱቄትና ምጣድ ቢያስብ አይፈረድበትም። ቃሉ አማርኛው «ደቦ» የሚለው ራሱ ነውና «የደቦ ዜማ» ተብሎ ሲጻፍ ነገሩ ያልቃል። የከበሮውም ስም «ድቤ» ተብሎ በሁለቱም ቋንቋዎች የታወቀ ነው። ዋሽንት መሰሉ የሚነፋ መሣሪያ «ኡሉሌ» ሲሆን ስሙን ይዞ ቢሄድ ይሻላል።

ባለሙያውን መጥራት

«አዝማሪ» ከግዕዙ «ዘመረ» የወጣ፣ በመሠረቱ አመስጋኝ ማለት የነበረ ቃል ነው። በዘመናት ውስጥ ግን ቃሉ ተዋርዶ ስድብ እስከመሆን ደረሰ። ዛሬ ክብሩ በከፊል ተመልሶለት ማሲንቆ ይዞ በቦታው ግጥም እየፈጠረ ለሚያዜመው ባለሙያ ያገለግላል። ማሲንቆ ያልያዘውን የባንድ ባለሙያ አዝማሪ ማለት ግን ልክ አይደለም። «ዘፋኝ» ለሚለው በመገናኛ ብዙኃን «ድምፃዊ» ተለምዷል፤ በደብዳቤም ይኸው ይመረጣል። «አቀንቃኝ» ከተቀባዮች ፊት ሆኖ ዜማውን የሚያወርደው ሲሆን፣ «ተቀባይ» የሚመልሰው ነው። «አርቲስት» ተዋናዩንም ሠዓሊውንም ስለሚጨምር በክፍያ ሰነድ ላይ ብቻውን አይበቃም።

በደርግ ዘመን በየቀበሌውና በየአውራጃው የተቋቋሙት ቡድኖች «የኪነት ቡድን» ይባሉ ነበር። ቃሉ ከዘመኑ ጋር ተያይዞ በመታየቱ ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ «የባህል ቡድን» የሚለው ተተክቷል። «ባንድ» ዘመናዊ መሣሪያ የያዘው ነው። በ1950ዎቹ ዓ.ም. በድሬዳዋ የተመሠረተውና ዓሊ ቢራ ያደገበት አፍረን ቀሎ በሁለቱ መካከል የቆመ ነበር፤ የባህል ዜማን ለመድረክ ያበቃ ቡድን በመሆኑ በየትኛው ስም ቢጠራ አያሳስትም።

ቅኝትና የጽሕፈት ቤት አማርኛ

«ቅኝት» መሣሪያን አስተካክሎ ማሰናዳት፣ ከዚያም ዜማው የሚመሠረትበት የድምፅ ቤተሰብ ነው። በስፋት የሚታወቁት አራት ናቸው፡ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ። ሁሉም በአምስት ድምፅ ላይ የቆሙ ሲሆን ባቲና አምባሰል የወሎ የቦታ ስሞች ናቸው። «ትዝታ» ስሜት፣ ቅኝትና የዘፈን ዓይነት በመሆን ሦስት ጊዜ ስለሚያገለግል «ትዝታ አቀረበች» የሚል ሪፖርት የትኛውን እንደሚል አይታወቅም። የወለጋን ዜማዎች በእነዚህ አራት ስሞች ብቻ መድቦ መመዝገብም አይመከርም። ለባንድ ተጫዋች መግባቢያ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ለቅርስ መዝገብ ግን ባለቤቱ ኅብረተሰብ የሚጠራበት ስም ይቀድማል።

ሳይታወቅ ከሙዚቃ ወደ ቢሮ የገቡ አገላለጾችም አሉ። «ዕቅዱ ከፖሊሲው ጋር በተጣጣመ መልኩ የተቃኘ ነው» የማይል የዕቅድ ሰነድ ማግኘት አስቸጋሪ ሲሆን፣ ቃሉ የክራር ክር ከማጥበቅና ከማላላት የመጣ ነው። «ግምገማው ያንኑ አዝማች ደገመ» ሲባል አዝማች በየአንጓው መጨረሻ የሚመለሰው የግጥም ክፍል ነው። የሕግ ሰነድ ሁሉ የሚታተምበት «ነጋሪት ጋዜጣ» ስሙን ያገኘው አዋጅ ሲታወጅ ከሚጎሰመው ነጋሪት ነው። ጋዜጣው በ1934 ዓ.ም. መታተም የጀመረ ሲሆን ከ1987 ዓ.ም. ወዲህ «ፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ» በሚል ይወጣል።

እያንዳንዱ መሣሪያም የራሱ ግስ አለው። ነጋሪት ይጎሰማል፤ ከበሮ ይመታል፤ በገና ይደረደራል፤ ክራር ይደረደራል ወይም ይገረፋል፤ ዋሽንትና እምቢልታ ይነፋሉ። ሁሉንም «ተጫወተ» ማለት ስሕተት ባይሆንም አሥር አውታር ያለውን በገና በጸሎት ለሚደረድር ሰው «በገና ተጫወተ» ማለት ለጆሮ ይከብዳል። ባለሙያውም በገና ደርዳሪ ይባላል።

ግዥና ውል

በግዥ ጥያቄዎች ላይ «ሞንታርቦ አንድ፣ ኦርጋን አንድ» የሚል መጻፍ የተለመደ ነው። ሞንታርቦ የአንድ ጣሊያናዊ አምራች ስም ሲሆን በአገራችን የትልልቅ ድምፅ ማጉያዎች ሁሉ መጠሪያ ሆኗል። የመንግሥት ግዥ በመርህ ደረጃ የንግድ ምልክት ጠቅሶ መጠየቅን ስለማይፈቅድ «የድምፅ ማጉያ» ብሎ ኃይሉንና ብዛቱን መግለጽ ይገባል። «ኦርጋን» የሚባለውም በአብዛኛው ኪቦርድ ነው። «ክራር» ሲጠየቅ ባለ አምስት ወይም ባለ ስድስት ክር መሆኑ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነም ይኸው ይጠቀስ። በመድረክ ውል ላይ ደግሞ «ከነባንዱ በቀጥታ» እና «በፕሌይባክ» የሚሉት መለየት አለባቸው። ድምፃዊው በተቀዳ ሙዚቃ ላይ ብቻ የሚያዜም ከሆነ የባንድ ክፍያ መፈጸም ለኦዲት ጥያቄ ይዳርጋል።

በሕጉ ፊት

ቃላቱ ገንዘብ የሚሆኑት በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ላይ ነው። አዋጁ በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 872 የተሻሻለ ሲሆን፣ ማሻሻያው የመብት ባለቤቶች በጋራ አስተዳደር ማኅበር አማካይነት የሮያሊቲ ክፍያ የሚሰበስቡበትን መንገድ አስገብቷል። ጉዳዩን የሚከታተለው የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው።

በአዋጁ ቋንቋ «የሥራ አመንጪ» ግጥሙን ወይም ዜማውን የፈጠረው ነው። «ከዋኝ» ሥራውን የሚያዜመው፣ የሚጫወተው ነው። «የድምፅ ሪከርዲንግ ፕሮዲዩሰር» ቀረጻውን ያስጀመረውና ኃላፊነቱን የወሰደው ነው። ሦስቱ አንድ ሰው ሊሆኑ ይችላሉ፤ ብዙ ጊዜ ግን አይደሉም። ሥራ ላይ ያለውን ብሔራዊ መዝሙር ማየት ይበቃል፡ ግጥሙ የደረጀ መላኩ መንገሻ፣ ዜማው የሰሎሞን ሉሉ ሲሆን የሚያዜመው ሕዝቡ ነው። የሥራ አመንጪው የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ሲጠበቅ፣ የከዋኙና የፕሮዲዩሰሩ ለ50 ዓመት፣ የብሮድካስት ድርጅት ደግሞ ለ20 ዓመት ይጠበቃል። «አቀናባሪ» የመሣሪያዎቹን አገባብ ያዘጋጀው ሲሆን፣ ከዜማ ደራሲው ጋር ማደባለቅ የተለመደ የውል ስሕተት ነው። «ነጠላ ዜማ» የሚባለውም ዜማ ብቻ አይደለም፤ ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብርና ቀረጻ ያለበት አንድ ሙሉ ሥራ ስለሆነ አራቱም በውሉ ላይ በስም መጠቀስ አለባቸው።

በካሴት ሽፋኖች ላይ «ግጥምና ዜማ፡ የሕዝብ» የሚል ማየት የተለመደ ነው። አንዳንዱ በእርግጥ የሕዝብ ነው። አንዳንዱ ግን በአንድ ወረዳ ውስጥ በስሙ የሚታወቅ ባለሙያ ያለው ነው፤ «የሕዝብ» መባሉ ያን ሰው ከክፍያው ያስወጣዋል። በወለጋ ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። አስቴር ጋኖ የሰበሰቧቸው የኦሮሞ ተረቶች፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችና ዜማዎች ከፊላቸው ከኦኔሲሞስ ጋር ባዘጋጁት የ1894 እ.ኤ.አ. የንባብ መጽሐፍ ታትመዋል። ሰብሳቢዋ በስማቸው ሲታወቁ ዜማውን ያቀበሉት ሰዎች ግን በስም አይታወቁም።

ኢትዮጵያ የማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስን ለመጠበቅ በዩኔስኮ የወጣውን የ2003 እ.ኤ.አ. ስምምነት በ2006 እ.ኤ.አ. ያጸደቀች ሲሆን፣ የገዳ ሥርዓትም በ2009 ዓ.ም. በዓለም አቀፍ ዝርዝር ውስጥ ተመዝግቧል። ስምምነቱ አባል አገሮች በግዛታቸው ያለውን ቅርስ በባለቤቱ ኅብረተሰብ ተሳትፎ እንዲዘረዝሩ ይጠይቃል። ለወረዳ የባህልና ቱሪዝም ባለሙያ ይህ በተግባር ቀላል ነገር ማለት ነው፡ የዜማው ስም በቁቤ እንደሚጠራው፣ ቀጥሎ በግዕዝ ፊደል፣ ከዚያ በአማርኛ አንድ ዓረፍተ ነገር ማብራሪያ፤ ማን ያዜመዋል፣ መቼ፣ ከማን ተማረው። ጌረርሳ ከሆነ የሚያዜመው ሰው ስም፣ ቀበሌና የተቀዳበት ዓመት ሳይሰፍር ካሴቱ ወይም ፍላሹ መዝገብ ቤት መግባት የለበትም፤ የከዋኙ 50 ዓመት ከመቼ እንደሚቆጠር ከዚያ በኋላ የሚነግር ሰው ላይገኝ ይችላል።